ለሣር ማጨጃ ማሽን የትኛው ክር ይሻላል? ውፍረቱን የሚወስነው ማሽኑ ነው

የመክፈቻ ጽሑፍ

ክረምቱ ገብቶ የሐዋሳ ግቢዎች በሙጃና በሰርዶ ሲዋጡ፣ የሣር ማጨጃ ማሽን ያለው ሁሉ ክር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ሻጩም አይበጠስም ብሎ ወፍራሙን ያሸክመዋል። ይህ ምክር የስንቱን ማሽን ዕድሜ እንዳሳጠረ አይቻለሁና ዝም ማለት አልፈለግሁም። አቋሜ ይኸው ነው፦ የክሩን ውፍረት የሚወስነው ማሽኑ ነው፤ ሣሩ የሚወስነው የክሩን ቅርጽ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ገንዘቡም ሞተሩም ይባክንበታል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ይህ በማሽኑ ጭንቅላት ላይ እየተሽከረከረ ሣር የሚያጭድ የናይለን ክር ስለት የለውም፤ የሚቆርጠው በፍጥነቱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ጊዜ ሲዞርና የክሩ ጫፍ ከመሀል 20 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ፣ ጫፉ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። ፍጥነቱ ሲወርድ ክሩ መቁረጡን ትቶ ይደበድባል፤ የሣሩ ጫፍ ይተለተልና በማግስቱ ግቢው ገርጥቶ ይታያል። ከ2.4 ወደ 3 ሚሊ ሜትር መሄድ ለዐይን ኢምንት ነው። ነገር ግን የአንድ ሜትር ክር ክብደት በ56 በመቶ ይጨምራል፣ አየር የሚገፋበት ወርድም በሩብ ይሰፋል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ያው ትንሽ ሞተር ነው።

በዚህ ላይ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ከስድስት እጅ አንዱ እዚህ ከተማ ውስጥ የለም። ባሕር ዳርቻ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሚሸከም ማሽን እኛ ዘንድ ሲደርስ ያቃስታል።

መነሻ የማደርገው ልክ ይህ ነው። በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት ትንንሾች ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር፤ የሞተራቸው መጠን 25 ሲሲ አካባቢ ለሆኑት የቤንዚን ማሽኖች ከ2 እስከ 2.4፤ ከ30 እስከ 40 ሲሲ ላሉት ከ2.4 እስከ 2.7፤ 3 ሚሊ ሜትር ከ40 ሲሲ በላይ ለሆኑት ብቻ። የማሽኑ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው መመሪያው ይቅደም። ወደ ቅርጹ ስንመጣ፣ ክቡ በግንብና በአጥር ሥር ብዙ ይቆያል፤ ባለ አራት ማዕዘኑና ኮከቡ በጠርዛቸው ወፍራም አገዳ አጥርተው ይቆርጣሉ፣ ድንጋይ ሲነኩ ግን ቶሎ ያልቃሉ፤ የተገመደው ጩኸቱ ይቀንሳል። እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ? ከየትስ ታገኛላችሁ? የመጡትን ምላሾች ከራሴ አስተያየት ጋር ከዚህ በታች አጠናቅሬአለሁ።

ምላሽ 1

ሐይቁ ዳር በሚገኝ ሆቴል አትክልተኛ የሆነ ወንድማችን በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ተስማማ። እርሱ 2.4 የሆነውን ሁለት ዓይነት ክር በሁለት ማጠንጠኛ ጠቅልሎ ይይዛል፤ መስኩ ላይ ባለ አራት ማዕዘኑን፣ በድንጋይ የተነጠፈው መሄጃ ዳር ሲደርስ ክቡን። ማጠንጠኛ መቀየር ክር ከመጠቅለል ስለሚፈጥን ሥራው አይቋረጥም። ሙያ ያለው ሰው እንዲህ ነው።

ምላሽ 2

መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅና ትንንሽ ሞተር የሚጠግን ባለሙያ፣ በወፍራም ክር መጀመሪያ የሚጎዳው ፍሪሲዮኑ እንደሆነ ገለጸ። ክሩ ሲከብድ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ስለማይደርስ ፍሪሲዮኑ ሳይዝ እየተንሸራተተ ይፋጫል። እርሱ ዘንድ የሚመጡትን ሲፈታቸው የፍሪሲዮኑ ቤት ብረት በሙቀት ሰማያዊ መልክ ይዟል፣ ስፕሪንጎቹ ላልተዋል፣ ሽታው ገና ብሎኑ ሳይወልቅ ያስታውቃል። ባለቤቶቹ ሁሉ ማሽኑ ሣር ሲነካ ይደክማል ብለው ነው የሚያመጡት። ሌላም ጨመረ፦ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ክር ከመወንጀል በፊት ካንዴላውን ነቅሎ ማየት ይገባል። ከዚህ ውይይት ውስጥ አንድ ምላሽ ብቻ አንብብ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው ሣሩ በልጦበት የተቸገረ የቤት ባለቤት ነው፤ ክሩ የት እንደሚገኝ ብቻ ጠየቀ። አራተኛው አሮጌ ገበያ አካባቢ ባሉ የግንባታ ዕቃ መደብሮች በሜትር እየተለካ እንደሚሸጥ ነገረው። አያይዞም ጥሩ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፦ በር ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል አትግዛ። ክሩን ጣት ላይ ጠምዝዞ መሞከር ይበቃል፤ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ከተሰነጠቀ ደርቋል።

ምላሽ 5

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። የደረቀውን ክር ከመጣል በፊት ውሃ ውስጥ እንድንዘፈዝፈው መከሩ። ናይለን ውሃ ይጠጣል፤ እንደ ዓይነቱ በደንብ ሲጠግብ ከራሱ ክብደት እስከ 9 በመቶ ገደማ ሊይዝ ይችላል። ውሃው በሞለኪውሎቹ መካከል ገብቶ ያለሰልሰዋል፣ በዚህ ምክንያት ክሩ ግንብ ሲመታ እንደ መሰበር ፈንታ ይታጠፋል። ለቀጭኑ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ለወፍራሙ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ማጠንጠኛውን እርጥበቱን በሚይዝ ፌስታል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፀሐይ ያቃጠለውን ግን ውሃ አይመልሰውም ብለው ለአራተኛው ምላሽ ድጋፍ ሰጡ፤ ፀሐይ የበጠሰው የሞለኪውል ሰንሰለት በውሃ አይቀጠልም።

ምላሽ 6

አንድ ሰው ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ወሬ ነው አለ። ክር ክር ነው፣ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ልማድ እንጂ ሳይንስ አይደለም ብሎ መምህሩን አቃለለ። መምህራችን በዕድሜም በዕውቀትም ሊከበሩ የሚገባቸው ሰው ናቸው፤ አነጋገሩ አላማረኝም።

ምላሽ 7

መልሱን የሰጠው አሞራ ገደል ከዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ ያደገ ወጣት ነው። ጋሼ ብሎ መምህሩን ካከበረ በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ተረስቶ የከረመ የናይለን መረብ አንድ አምባዛ ሲታገለው ክሩ በየቋጠሮው እንደሚበጠስ፣ እርጥብ ሆኖ በጥላ የተቀመጠው ግን እንደሚቆይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየውን መሰከረ። በዚሁ ቢያቆም መልካም ነበር። ቀጥሎ እርሱ ለሣር ማጨጃውም የዓሣ ማጥመጃ ክር እንደሚጠቀምና ርካሽ እንደሆነ ጻፈ።

ምላሽ 8 እና 9

ስምንተኛው ቆጣ ብሎ ተቃወመ፦ የማጥመጃ ክር የተሠራው ለመጎተት ነው፤ መመታትንና መፋተግን አይችልም፣ ግቢውን ሙሉ ብጥስጣሽ ያደርገዋል። ወጣቱ በዘጠነኛው ላይ ተመልሶ መጣና ማሽኑን የፈለሰፈው ሰውዬ ራሱ በማጥመጃ ክር አይደለም ወይ የጀመረው ብሎ ሞገተ። እውነቱን ነው። ጆርጅ ባላስ የተባለው የሂዩስተን፣ ቴክሳስ ሰው በ1971 የመኪና እጥበት ብሩሾች ሲሽከረከሩ አይቶ ሐሳቡ መጣለት፤ የመጀመሪያውን ሙከራም የሠራው በቆርቆሮ ጣሳ ላይ ቀዳዳ በስቶ የማጥመጃ ክር በማሰር ነው። ሆኖም ያ ሙከራ ነበር። ዛሬ ለማጨጃ የሚሸጠው ክር ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቀመመና የተወፈረ ነው። ለወጣቱ ጥያቄ ክብር አለኝ፤ መልሱ ግን ስምንተኛው ጋር ነው። ለቆሮሶ መረብ የሚሆን ቀጭን ክር ሙጃ ፊት አንድ ደቂቃ አይቆምም።

ምላሽ 10

እዚህ ላይ ውይይቱ ከረረ። አንድ ሰው በናይለን መጨቃጨቅ ከንቱ ነው፣ እኔ የባጃጅ የፍሬን ሽቦ ቆርጬ ነው የማስገባው፣ ቁጥቋጦውንም ይጠርጋል ብሎ በኩራት ጻፈ።

ምላሽ 11፣ 12 እና 13

አሥራ አንደኛው ነፍሰ ገዳይ ብሎ ጀመረ፤ ቃሉ ቢከብድም ድንጋጤው ይገባኛል። አሥራ ሁለተኛዋ ነርስ ናት። ከዐይን ውስጥ የብረት ስባሪ ሲወጣ ማየት ምን እንደሚመስል በዝርዝር ሳትተርክ፣ ማሽን የያዘው ሰው መነጽር ቢያደርግ እንኳ በአጥሩ ማዶ የሚጫወተው ሕፃን መነጽር እንደሌለው አሳሰበች። አሥራ ሦስተኛው አሥረኛውን የሽቦ ባለሙያ ብሎ ሲያሽሟጥጥ ነገሩ ወደ ስድብ አዘነበለ፤ ያ አላስፈለገም።

በዚህ ነገር ላይ መሀል ሰፋሪ መሆን አልችልም። ናይለን ሲበጠስ ቀላል ስለሆነ አየሩ ቶሎ ያቆመዋል። የፍሬን ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ነው፤ ዞሮ ድንጋይ ሲመታ እያንዳንዱ ክር በየራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 በእጅ በሚያዙ ማጨጃዎች ላይ የሚገጠሙ፣ እርስ በርስ በተያያዙ ብረቶች የሚመቱ መቁረጫዎች ገበያ ላይ እንዳይውሉ አግዷል፤ ያ እንግዲህ በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጠው ነው። ለቁጥቋጦ ባለ ሦስት ጥርስ ምላጭ አለ፤ ማሽኑ የሚቀበለው ከሆነ እርሱን ግጠሙ። በናይለንም ቢሆን ሌላ ሰው ከ15 ሜትር በላይ ይራቅ፤ የመመሪያዎቹ ልክ ይህ ነው።

ምላሽ 14

ሌላው ደግሞ መከላከያ ሽፋኑን ፈትቶ ጥሎታል። ክሩን አስረዝሞ በአንድ ዙር ሰፊ ቦታ እንደሚያጭድ፣ ጊዜም እንደሚቆጥብ ጻፈ።

ምላሽ 15

የመናኸሪያው ጠጋኝ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ለዘብተኛ አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ እንጀራዬ ነው፣ ግን እንጀራዬን በዚህ መንገድ መብላት አልፈልግም ሲል ጀመረ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ትንሽ ምላጭ ጌጥ አይደለችም፤ ክሩ ሲወጣ ትርፉን ቆርጣ ሞተሩ የሚችለውን ርዝመት ብቻ የምታስቀር እርሷ ናት። እኔም ስሌቱን ልጨምርበት። የክሩ ጫፍ ከመሀል ያለው ርቀት ከ20 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና የዙሩ ፍጥነት ሳይወርድ ይቀጥል ቢባል፣ አየሩን ለመቅዘፍ ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት 5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሞተሩ ያን ጉልበት ከየትም አያመጣውም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይንራል። ርዝመት ከውፍረትም የባሰ ጠላት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ምላሽ 16

ዳቶ አካባቢ ጓሮዋ ውስጥ አቮካዶ የተከለች እኅታችን የጻፈችው ልቤን ነካው። በቀን ሥራ የቀጠረችው ልጅ ሣሩን አሳምሮ አጭዶላት ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ችግኞቹ ቅጠላቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ውሃ ብትጨምርም፣ ፍግ ብትጨምርም አልሆነም። ጎንበስ ብላ ግንዱን ስታይ ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይርቅ ቅርፊቱ ዙሪያውን እንደ መቀነት ተልጦ ነጩ እንጨት ይታያል። ክር ለየትኛውም ዛፍ ወዳጅ አይደለም፤ ለችግኝ ግን ሞት ነው። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ በኩል ነው፣ ዛፉን የሚያወፍረው ሕያው ክፍልም ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ዙሪያውን ከተቆረጠ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም ቀስ እያለ ይደርቃል። ኮከብና ባለ አራት ማዕዘን ክር ደግሞ ይህን ከክቡ በፈጠነ ጊዜ ያደርሰዋል።

መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ቁጭቱ ይብሳል። በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ለማጭድና ለእጅ ተዉለት፤ እዚያ ላይ ደረቅ ሣር አልብሱበት፣ ግንዱን ሳታስነኩ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይና ከታች ቆርጦ፣ ጎኑን ሰንጥቆ በግንዱ ሥር ማልበስም ይረዳል። ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሰዎች ይህን ቀድማችሁ ንገሩ። ልጁ አያውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

ምላሽ 17፣ 18 እና 19

ወሬው ወደ ላም ዞረ። አንዱ የታጨደውን ሣር ለላሞቹ እንደሚሰጥ ሲጽፍ ሌላው ተቆጥቶ፣ ክር የተበጠሰበትን ሣር ለከብት መስጠት ፕላስቲክ ማብላት ነው አለው። ቁጣው ቢበዛም ነገሩ ትክክል ነው፤ ክሩ አለቀ ስንል ተፈርፍሮ ሣሩ ውስጥ ቀረ ማለታችን ነው፣ የላም ሆድም ናይለን አይፈጭም። ለመኖ የሚሆን ሣር በማጭድ ይታጨድ፤ ከአፈር የጸዳ፣ ርዝመቱ ያልተፈረፈረ ሣር የሚገኘውም በእርሱ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ከሁሉም አልፎ ስለ ሐይቁ አነሣ። ሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ በጎርፍ የታጠበ ፕላስቲክ እዚያ ከደረሰ መሄጃ የለውም። ይህን ሳነብ ከመክፈቻዬ ጋር የሚገናኝ መሰለኝ። ለማሽኑ የሚስማማ ክር የመረጠ፣ ዘፍዝፎ ያለሰለሰ፣ በግንብ ሥር ጫፉን ብቻ እያስነካ የሚሠራ ሰው የሚጥለው ፕላስቲክም ያንሳል። ሥራው ሲያልቅ ተበጥሶ የወደቀውን ረጅሙን ቁራጭ መልቀም ደግሞ ምንም አይከብድም።

ምላሽ 20

እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ማሽን ስለሚያስጮህ ጎረቤት አቤቱታ ነበር። ልክ ነው፣ ግን ለሌላ ውይይት ይቆየን።

ምላሽ 21

ስለ ዘይት ድብልቅ ተጠየቀ፤ ጠጋኙ መለሰ። ለ1 ሊትር ቤንዚን፣ መመሪያው 50 ለ1 ካለ 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት። በግምት ማፍሰስ ክልክል ነው፤ የመርፌ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ገዝቶ መለካት ይቻላል።

ምላሽ 22

የሆቴሉ አትክልተኛ ስለ መጠቅለል ጻፈ። ክሩ በራሱ ይፈታል ወይም ማሽኑን መሬት ላይ ነካ ሲያደርጉት አልወጣ ይላል የሚሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የጠቀለሉት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ማጠንጠኛው ላይ ቀስት አለ፣ እርሱን መከተል ነው። ክሩን እጥፍ አድርጎ መሀሉን ስንጥቁ ውስጥ ማስያዝ፣ ሁለቱን ጎን ሳያቋልፉ ጠበቅ አድርጎ ጎን ለጎን መደርደር፣ እስከ ከንፈሩ ግን አለመሙላት። ከሞላ በሙቀትና በንዝረት እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድፍን ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ቢነካም አይወጣም።

ምላሽ 23 እና 24

ሦስተኛው ጠያቂ ተመለሰ። ማሽኑ 43 ሲሲ ነው፤ ሻጩ 3.3 ሚሊ ሜትር ኮከብ ክር ሰጥቶታል፣ ክሩም ነካ ሲያደርገው አይወጣም። ጠጋኙ በአንድ መስመር መለሰለት፦ የክር መውጫ ቀዳዳውን ተመልከት፣ ክሩ እዚያ ውስጥ እየተጨነቀ ካለፈ መቼም በራሱ አይወጣም። እኔ የምጨምረው፣ ለዚያ ማሽን 2.7 ባለ አራት ማዕዘን ለሙጃው፣ ክቡን ለአጥሩ ሥር ውሰድ። ሙጃው ከጉልበት በላይ ከሆነ ከላይ ጀምረህ በሁለት ደረጃ አውርደው፤ በአንዴ ከሥሩ ከገባህ አገዳው ጭንቅላቱ ላይ ይጠመጠማል።

2.7 ባለ አራት ማዕዘን አሮጌ ገበያ እንደሌለ አራተኛው ነግሮናል። አትክልተኛው ከአዲስ አበባ መርካቶ ትልቅ ጥቅል አስመጥቶ በሜትር ለመካፈል ፈቃደኛ ነው። የምትፈልጉ የማሽናችሁን ሲሲ፣ የመውጫ ቀዳዳውን ስፋትና የምትፈልጉትን ሜትር ከዚህ በታች ጻፉ፤ ሽቦ የሚጠይቅ ሰው ግን አይመዘገብም።